ትራፊ የማን ነው?

በአማርኛ ቋንቋ ከአንድ ሥር የበቀሉ ሦስት ቃላት አሉ፤ እነርሱም ትራፊ፣ ትርፍና መትረፍ ናቸው። ትራፊ ማለት ሰው በልቶ ከማዕድ ላይ የተወው ነው። ትርፍ ማለት ነጋዴ ካወጣው ዋጋ በላይ ያገኘው ነው። መትረፍ ግን ኹለት ወገን አለው፤ አንደኛው መብዛት ሲኾን ኹለተኛው ከሞት መዳን ነው፤ ከጦር ሜዳ በደኅና የተመለሰ ሰው ተረፈ ይባላልና። ቅኔ የተማረ ሰው በዚህ ቃል ላይ ጥቂት ቆም ቢል ሰሙን በወጥ ቤት፣ ወርቁን በነፍስ ቤት ያገኘዋል። በመሶብ የቀረችው ቁራሽ ለጠገበው ትራፊ ናት፤ ጠብቆ ላኖራት ትርፍ ናት፤ ለተራበው ደግሞ መትረፊያ ናት። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከማዕድ የቀረው የማን ገንዘብ ነው? የገዛው ሰው፣ በገንዘቤ የገዛሁትን ብጥለው ማን ይጠይቀኛል ቢል የሚመልስለት ይገኛል ወይስ አይገኝም?

ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ቀላል ይቈጥረዋል። ስለ እንጀራና ስለ ወጥ መናገር የባልቴቶች ነው እንጂ የሊቃውንት አይደለም የሚልም አይጠፋም። ዳሩ ግን አምስት እንጀራና ኹለት ዓሣ ለአምስት ሺህ ሰው በበቃ ጊዜ፣ ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ፍርፋሪውን እንዲሰበስቡና አንዳች እንዳይባክን እንዳዘዛቸው በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ተነግሯል፤ የተሰበሰበውም ዐሥራ ኹለት መሶብ ሞልቷል። ጥቂቱን ለማብዛት የሚችል ጌታ ፍርፋሪ ምን ያደርግለታል ቢሉ፣ ለእርሱስ ምንም አያደርግለትም። ማብዛት የእርሱ ሥራ ነው፤ መልቀም ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነው። አንድም፣ ብዛት ያየ ሰው መናቅ እንዳይጀምር ነው፤ ሰው የሚንቀው ሲያጣ ሳይኾን ሲተርፈው ነውና።

አንድ እንጀራ ከመሶብ እስኪደርስ ያለፈበትን መንገድ የሚያስብ ጥቂት ነው። ጤፍ ከእህል ኹሉ ደቃቅ ናት፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከ2500 እስከ 3000 ፍሬ ይቈጠራል፤ ከእጅ ስትወድቅ ስለምትጠፋ ስሟ ጠፋ ከማለት የወጣ ነው እየተባለም ይነገራል። ገበሬው ለእርሷ መሬቱን ሦስትና አራት ጊዜ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ እየደጋገመ ያርሳል፤ እርሻው ካልለሰለሰ ደቃቁ ዘር አይይዝምና። በክረምት ጭቃ ይዘራል፤ አረሙን ጐንበስ ብሎ በእጁ ይነቅላል፤ ያጭዳል፣ ይከምራል፣ በበሬ ያበራያል፣ ነፋስ ጠብቆ ያዘራል። በከተማም እመቤቲቱ ነፍታ፣ አስፈጭታ፣ ሊጡን አቡክታ፣ ኹለት ሦስት ቀን አቆይታ፣ አብሲት ጥላ ትጋግራለች። ማገዶውን ከእንጦጦ ተራራ በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርደው ሴትም ከዚህ ቍጥር መውጣት የለባትም። ስለዚህ ግማሽ እንጀራ የጣለ ሰው የጣለው የራሱን ብር ብቻ አይደለም። ብር የከፈለው ለእህሉ ነው፤ ለጐበጠው ወገብ ዋጋ የከፈለ የለም።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ይህን በልማዱ ያውቀዋል። እህል መርገጥ ነውር ነው፤ በመንገድ ላይ ቁራሽ ወድቆ ያየ ሽማግሌ አንሥቶ እግር ከማይደርስበት ያኖረዋል። ሰው ከሰው ጋራ አብሮ መኖሩን እህል ውሃ ብሎ ይጠራዋል፤ ሲለያይም እህል ውሃችን አለቀ ይላል። የሚያስደንቀው፣ ይኸው በመንገድ የወደቀውን ቁራሽ የሚያነሣው ሰው በቤቱ ሻጋታ የበላውን ዐሥር እንጀራ በፌስታል ቋጥሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ሲሰጥ ልቡ አለመደንገጡ ነው። ክብሩ ለምታየው ቁራሽ ቀረ፤ በፌስታል የተቋጠረው እንደ እህል አይቈጠርም።

ይህ ኹሉ እውነት ቢኾንም የሚከራከር ሰው ጠንካራ ነገር ሊያመጣ ይችላል። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ግማሽ እንጀራ ከመጣል ብታድን ያ ግማሽ እንጀራ በሩቅ አገር ያለውን ርኁብ አያጠግበውም ይላል። ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የገባው በከብት እልቂት ነው፤ በሬ ቢጠፋ እርሻ ጠፋ፤ በላዩም ድርቅና አንበጣ ተጨመረ። የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብና የ1977 ዓ.ም. ረኃብም ድርቅ፣ የሹማምንት ቸልታ፣ በኋለኛውም ላይ ጦርነት ያመጡት እንጂ በወጥ ቤት ብክነት የመጣ አይደለም። ይህን ክርክር መናቅ አይገባም። ብዙ አባት ልጁ ማዕዱን ትቶ ሲነሣ፣ የተራቡ አሉ እኮ ብሎ ይገሥጸዋል፤ ልጁ ግን፣ እንግዲያስ አባባ ይህን ወስደው ይስጧቸው ቢል አባት መልስ የለውም።

መጠኑ ግን ትንሽ እንዳልኾነ መታወቅ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም በቤት፣ በምግብ ቤትና በሱቅ የተጣለው ምግብ አጥንቱና ልጣጩ ተቈጥሮ 1.05 ቢሊዮን ቶን ነበረ፤ ከዚህም ውስጥ 631 ሚሊዮን ቶን፣ ማለት ከመቶ 60 እጁ የተጣለው በሰው ቤት ነው። በነፍስ ወከፍ ሲከፈል በዓመት 79 ኪሎ ይደርሳል። ብክነት የሀብታም አገር በሽታ ብቻ የሚመስለው ሰው ደግሞ ተሳስቷል፤ በዚሁ ጽሑፍ በሀብታሞቹና በመካከለኞቹ አገሮች ቤት መካከል የታየው ልዩነት በነፍስ ወከፍ 7 ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

ለተከራካሪው የሚኾነው መልስ በአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ይገኛል። የሄርማ መጽሐፍ በ2ኛው መቶ ዓመት በሮም በግሪክኛ የተጻፈ ሲኾን ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በኢትዮጵያ ገዳም ተጠብቆ ኖረ፤ አንቷን ዳባዲ የተባለው ሊቅም በ1860 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ ከተማ አሳተመው። በዚህ መጽሐፍ ስለ ጾም ሲያስተምር፣ የሚጾም ሰው በዚያች ዕለት ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለባልቴት ወይም ለድኻ አደግ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዛል። እንጀራው አይሄድም፤ ዋጋው ግን ይሄዳል። ልጁ ለአባቱ ያቀረበው ጥያቄም በዚህ ይፈታል፤ ከዛሬ ማዕድ የተረፈው ነገ ቢበላ የነገው አይገዛም፤ ያልተገዛውም በገንዘብ ተለውጦ ወሎም ትግራይም ይደርሳል።

ነገር ግን ሄርማ አስልቶ ማለቱን ማስተዋል ይገባል። ያልተሰላና ያልተለየ ገንዘብ ከእጅ ያመልጣል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማሉ፤ ካህናቱ 250 ይደርሳሉ። ሥጋና ቅቤ ለግማሽ ዓመት የማይገባበት ቤት ባለጸጋ በኾነ ነበር። ዳሩ ግን በከተማ የጾሙ ገበታ ከፍስኩ በልጦ በዐሥር ዐይነት ወጥ ሲሸፈን ይታያል፤ ከዐሥሩም አራቱ ሳይነኩ ይነሣሉ። ቅበላ የዋለ ዕለትም ሰው ነገ አይበላም በማለት ከሚችለው በላይ ሥጋ ይገዛል፤ ሌሊቱም ሲነጋ የቀረው ሥጋ መድረሻ ያጣል። ቀድሞ ዐዋቂ እመቤት ይህን ሥጋ ዘልዝላ፣ ጨውና በርበሬ ነክራ፣ በገመድ ላይ ሰቅላ ቋንጣ ታደርገው ነበር፤ ቅቤውንም በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥራ ለፋሲካ ታቆየው ነበር። ቅቤ መንጠሩ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ውሃውና አጓቱ ሲወጣለት ብዙ ወር ሳይበላሽ ይቀመጣልና።

አኹን ወደ ቀድሞው ዘመን መመለስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ዘመን በባለጸጋ ቤት ትራፊ ብዙ ነበረ፤ ብክነት ግን እምብዛም አልነበረም። ምነው ቢሉ ማዕዱ ተራ ነበረው። በቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ መኳንንቱ በመጀመሪያ፣ ጭፍራው ቀጥሎ፣ ከዚያ በታች ያለውም በየማዕረጉ ይቀርብ ነበር። በጌታ ቤትም ከጌታው ገበታ የተነሣው ለአሽከሩ፣ ከአሽከሩ የቀረው በደጅ ለቆመው ለቈሎ ተማሪና ለነዳይ፣ አጥንቱም ለውሻ ይደርስ ነበር። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በእመቤታችን ስም ለምኖ ካገኘው ቁራሽ የዕለቱን በልቶ የቀረውን በፀሐይ ያሰጣና ድርቆሽ አድርጎ ለዝናም ቀን ያኖረዋል። ስንቱ የቅኔ መምህር፣ ስንቱ የዜማና የመጻሕፍት ሊቅ በዚህ ድርቆሽ አድጓል! የአገሪቱ ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመት የቆመው በትራፊ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ሥርዓቱ ፍትሕ የሞላበት ነበረ ማለት ግን አይደለም። በመጨረሻ የሚቀርበው ሰው ኹልጊዜ ያው ሰው ነበረ፤ ጌታውም ትራፊውን ሲሰጥ የማይጐድልበትን እየሰጠ እንደ ቸር ይመሰገን ነበር። ኾኖም ማዕዱ መሄጃ ነበረው። መሶቡም ራሱ ይረዳ ነበር፤ አራትና አምስት ሰው ከአንድ ገበታ ሲበላ እያንዳንዱ በፊቱ ካለው ይቈርሳል፤ ሳይነካ የቀረው ንጹሕ ኾኖ ለሌላ ይቀርባል። ዛሬ እያንዳንዱ በየሳሕኑ ሲበላ ግን በሳሕኑ ላይ የተወው በእጁ የታሸ ነውና የሚቀበለው የለም። በፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ደጁን ዘበኛ ይጠብቀዋል፤ ተማሪው ደረጃውን ወጥቶ አይለምነውም፤ ውሻም የለውም። እንዲህ ኾኖ ሳለ እንግዳ ሲመጣ ማብዛት፣ ሞልቶ ካልፈሰሰ አላከበርኹትም ማለት እንደ ቀድሞው ቀረ። አብዝቶ መሥራቱ ከአባቶች ተወረሰ፤ ትራፊው የሚሄድበት መንገድ ግን አልተወረሰም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፣ እንግዲያስ እናጥብቀው፣ እንቈልፈው፣ እንግዳም ይቅር ይል ይኾናል። ይህ ቁጠባ አይደለም። ቋንቋው ራሱ ይለየዋል፤ ቁጥብ የሚባለው ሰው በንግግሩም በሥራውም ልኩን ያወቀ ጨዋ ነው፤ ንፉግን ግን ማንም ቁጥብ ብሎ አይጠራውም። ቆጣቢ እህሉን ከጥፋት ይጠብቃል፤ ንፉግ ከሰው ይጠብቃል። ይልቁንም ንፉግና አባካኝ ጠላት ቢመስሉም ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ በጥጋብ የጣለውን ሌላው በጐተራው ያስነቅዘዋልና። በቆሎ ቆልፎ የዋጋ መወደድን የሚጠብቅ ሰው በክረምት ሲከፍተው ዱቄትና ነቀዝ ያገኛል። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ጐተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ሊሠራ ስላሰበው ባለጸጋ ሲሰብክ በቤቱ የተከማቸው እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ እንደ ኾነ አስተምሯል። ዮሴፍም በግብፅ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ከአምስት አንዱን ያከማቸው ቈልፎ ሊያስቀረው ሳይኾን በረኃቡ ዘመን ጐተራውን ሊከፍተው ነው። መና ደግሞ በማንኛውም ቀን ለነገ ሲያሳድሩት ተልቶ፣ ለሰንበት ያሳደሩት ግን ሳይበላሽ ቀርቷል፤ ማኖርም ጊዜ አለው።

ጊዜውን ማወቅ ደግሞ የወጥ ቤት ጥበብ ነው፤ ከሚታሰበውም ይከብዳል። ለምሳሌ እንጀራን መውሰድ ይቻላል። ምጣድ ለማጋል ብዙ ማገዶ ወይም ብዙ መብራት ይፈጃል፤ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ ግን ሃያም ሠላሳም ቢጋገርበት የሚጨመረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ማገዶ ቆጣቢዋ ሴት በሳምንት አንድ ጊዜ አብዝታ ትጋግራለች። እንጀራው ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መሻገት ይጀምራል፤ በማገዶ ያዳነችውን በሻጋታ ትከፍላለች። ኹለቱን ቁጠባ የሚያስታርቀው በሳምንት ኹለት ጊዜ በልክ መጋገር፣ ወይም ከጎረቤት ጋራ ምጣዱን በአንድ ቀን እየተዋሱ ሙቀቱን መካፈል ነው። አንዲት እመቤት ደግሞ የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው አይነካም ትላለች፤ ነገም እንዲሁ ትላለች፤ እንዲህ እያለ ቤተ ሰቡ ዓመቱን ኹሉ የትናንት እንጀራ ሲበላ ይኖራል፤ ትኩስ እንጀራ እየተጋገረ ትኩስ የሚበላ የለም! የዚህች እመቤት ጥፋት ልቧ አይደለም፤ ቍጥሯ ነው። አንድ ቀን የቀረውን ኹሉ ፍርፍር አድርጋ ወይም አድርቃ ብትጨርሰው በማግሥቱ ቤቱ ከትኩሱ ይገናኛል።

የተበላሸውን ግን አልጥልም ብሎ መብላትም ማብላትም ቁጠባ አይባልም። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ በልተው አለቁ፤ የሞታቸውም ምክንያት ሲመረመር አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ታወቀ። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጐዳ ሲኾን በወጥ ቤት እሳት አይጠፋም፤ በለውዝ፣ በበቆሎና እርጥበት ባገኘው በርበሬም ይገኛል። በርበሬውን በደንብ ሳታደርቅ ያስፈጨች፣ ኋላም የሻገተውን ለወጥ ያዋለች ሴት ብሯን ስታድን ጤናዋን ከሰረች። የበሰለ ወጥም በሞቃት ስፍራ ውሎ ካደረ በማግሥቱ ቢያፈሉት ኹልጊዜ አይድንም። ጤፍ ግን በዚህ ነገር የታደለች ናት፤ ከደቃቅነቷ የተነሣ ነቀዝ እምብዛም አይደፍራትም፤ በደረቅ ስፍራ ዓመታት ትቀመጣለች። ስለዚህ አቅም ያለው ቤት አዝመራ ከገባ በኋላ በጥር ገዝቶ ቢያኖራት በነሐሴ ከሚወደደው ዋጋ ይድናል።

ስለ ድግስም ሳይነገር አይታለፍም። ለተዝካርና ለሠርግ ተበድሮ መደገስ የቈየ ደዌ ነው፤ አኹን ግን ሌላ ተጨምሮበታል። በአዳራሽ የሚደረገው ድግስ ሰው ሳሕን ይዞ ራሱ እያነሣ የሚበላበት ስለ ኾነ ዐይን ከሆድ ይቀድማል። ሙታንን ለማሰብ ተብሎ የተሠራው ምግብ በሳሕን ተትቶ ወደ ጕድጓድ ሲሄድ፣ ተዝካሩ ለማን ኾነ? ቀድሞ ተዝካር ማለት ነዳያን የሚጠግቡበት ነበረ፤ ዘመድ የሚቀርበው አብሮ ለመብላት ነው። ዛሬ ነዳዩ በበር ቆሞ ድግሱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ሲያልቅም የሚደርሰው የሰው እጅ የዞረበት ፍትፍት ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀረቡትን ካህናት የገሠጸው ስለዚህ ዐይነት ስጦታ ነው። ለሹም የማይቀርብ ነገር ለእግዚአብሔር እንግዳ እንዴት ይቀርባል? ሊሰጥ የታሰበው ገና ከድስቱ ሳይነካ ተለይቶ ቢወጣ፣ ድግሱም ያንሳል፣ ነዳዩም ይከብራል።

ከኹሉ የከፋው ግን በብዙ ቤት በጸጥታ የሚደረገው ነው። ቆጣቢ ነኝ የምትል እመቤት ለቤተ ሰቧ ትኩሱን አቅርባ ለቤት ሠራተኛዋ ከሦስት ቀን በፊት የቀረውን፣ ለራሷ ልጅ የማትሰጠውን ታበላታለች፤ ምንም አልጣልኹም ብላም ደስ ይላታል። ያች ልጅ ከገጠር የመጣች፣ ምናልባት ያንኑ ጤፍ ያረሙ ገበሬዎች ልጅ ናት። ነገሩን ለመመርመር አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ያ እንጀራ ለእመቤቲቱ ቢቀርብላት ትበላው ነበርን? የምትበላው ከኾነ ትራፊ ነው፤ በአንድ ገበታ ቀርቦ ከልጆቹም ከሠራተኛዋም ጋራ ይበላል። የማትበላው ከኾነ ግን ያ እንጀራ አስቀድሞ ባክኗል፤ የባከነውም በሠራተኛዋ ሳሕን ላይ በቀረበ ጊዜ ሳይኾን፣ ከሦስት ቀን በፊት ከልክ በላይ ሲጋገር ነው፤ ዕዳውም ሊጡን ለለካችው ነው እንጂ ለልጅቱ ሆድ አይደለም።